ሲሾም ያልተናገረ ሲሻር ይቆጨዋል

አገራችን የተረት አገር ናት። በሹመት ላይ ደግሞ አባቶቻችን የተረቱትን ያህል የተረተ ያለ አይመስለኝም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለዋን የማያውቅ ሀበሻ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ግን ይህቺ ተረት በዚህ ዘመን ትንሽ መታረም አለባት ባይ ነኝ። የመብላቱን ነገር ለጊዜው እንተወውና፣ የዘንድሮ ሹማምንት የሚቆጫቸው ሳይናገሩ መሻራቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰንበት ከሳሊተ ምሕረት ቅዳሴ ወጥቼ ከደጁ ዝቅ ብሎ ካለ ጀበና ቡና ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ የሰፈራችን ሽማግሌ አሉ። የጎጃም ሰው ናቸው። አገር ቤት ሰላም ሲጠፋ ልጃቸው አምጥታቸው ነው እንጂ አዲስ አበባ ጉዳያቸው አልነበረም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ፣ ቡናቸውን ፉት አደረጉና፣

«አንተ ልጅ፣ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ ይሉሃል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ አባባ።»

«ይሄ ገዱ የሚባለው ሰውዬ ጥሩ ገዥ ነበር ወይስ መጥፎ?»

ምን ብዬ ልመልስ! ጥሩ ነበሩ እንዳልል አፌን የሚይዘኝ ነገር አለ። መጥፎ ነበሩ እንዳልልም እንዲሁ። «ልጻፍበትና ይነበብልዎታል» ብዬ አመለጥኩ። እነሆ እዳዬን ልክፈል።

ወንበሩ እንዴት ተገኘ?

አቶ ገዱ አንዳርጋቸው የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የሆኑት በ2006 ዓ.ም. ነው። ከእሳቸው በፊት ወንበሩ ላይ አቶ አያሌው ጎበዜ ነበሩ፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል ገዝተዋል። አንድ ቀን ግን አቶ አያሌው ተነሱ፣ አቶ ገዱ ተተኩ ተባለ። አቶ አያሌው ደግሞ አምባሳደር ሆነው ወደ ቱርክ ሄዱ።

ለምን ተነሱ? አጥፍተው ነው? ከሆነ ጥፋታቸው ምን ነበር? አልምተው ነው? ከሆነ ለምን ተነሡ? የክልሉ ሕዝብ ይህን ከማን አፍ ሰማ? ከዜና አንባቢ አፍ ነው የሰማው። ዜና አንባቢ ደግሞ አይጠየቅም።

ልብ በሉ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲህ አይልም። አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ክልል ሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ ይብሳል፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፣ ኃላፊም ሆነ የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል፣ ሕዝብም በመረጠው ተወካይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ወረቀቱ ያምራል! ተግባሩን ስናይ ግን ገዥውን የሚያነሳውም የሚያስቀምጠውም ፓርቲው ነው፤ ምክር ቤቱ እጅ ያወጣል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫ ጠቅልለው በወሰዱበት አገር፣ ክልል ላይ እጅ የማያወጣ ተመራጭ ከየት ይምጣ?

ስለዚህ አቶ ገዱ ወንበሩን ሲይዙ ሕዝቡ ያደረገው ነገር የለም። አልሾማቸውም። ያልሾምከውን ደግሞ መሻር አትችልም።

የ2008 ክረምት

ፈተናው ሩቅ አልነበረም። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የወልቃይት ጥያቄ አስተባባሪ የሆኑትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ የጸጥታ ኃይሎች ሌሊት ሄዱ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ። ሐምሌ 24 ቀን ጎንደር አደባባይ ወጣች፤ ያን ያህል ሕዝብ በሰላም ወጥቶ በሰላም ሲገባ ያየነው ከስንት ዓመት በኋላ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ባሕር ዳር ተራዋን ወጣች። የዚያን እለት ግን በሰላም መመለስ አልሆነም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በባሕር ዳር ብቻ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል።

ባሕር ዳር የክልሉ መቀመጫ ናት። የርዕሰ መስተዳድሩ ቢሮ ያለባት ከተማ ናት። ሰው ሲወድቅ ጥይቱ ከቢሮው ይሰማል ማለት ነው።

አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ ያደራጃሉ፣ ሰላምና ጸጥታም ያስጠብቃሉ ይላል። ታዲያ በዚያ እሑድ ማን ነው ተኩስ ያለው? የክልሉ ፖሊስ ነው? ፌዴራል ነው? መከላከያ ነው? ክልሉ ፈቅዶ ነው የገቡት ወይስ ሳይጠይቁት? የክልሉ ሕዝብ ይህን መጠየቅ የነበረበት ገዥውን ነው። ገዥውም ምክር ቤቱን ሰብስቦ፣ ካሜራ ባለበት፣ «እንዲህ ብዬ አዝዣለሁ» ወይም «እኔ አላዘዝኩም፣ ከእኔ በላይ ያዘዘ እገሌ ነው» ማለት ነበረበት። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛው ሕሊናን፣ ሁለተኛው ወንበርን።

አቶ ገዱ ወንበሩ ላይ ቆዩ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በአገር ላይ ታወጀ፤ አሥር ወር ቆየ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቅ፣ ማንስ ይመልስ!

እርግጥ ነው፣ ብዙ ሰው አንድ ነገር ያነሳላቸዋል። ኮሎኔል ደመቀ ወደ ሌላ ቦታ ሳይወሰዱ እዚያው ጎንደር ታስረው ቆይተው የካቲት 2010 ዓ.ም. መፈታታቸውን ለአቶ ገዱ ውለታ አድርጎ ይቆጥራል። ይቆጠርላቸው። እኔም አልነፍጋቸውም። ነገር ግን አንድ ሰው ከሞት መትረፉ ስለሞቱት ከመጠየቅ ነፃ አያወጣም።

እኔም አጨብጭቤያለሁ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሌላውን እየወቀሱ ራስን መደበቅ የጋዜጠኛ ወግ አይደለም።

በ2010 ዓ.ም. መባቻ ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች የጣናን እምቦጭ ሊነቅሉ «ጣና ኬኛ» እያሉ ባሕር ዳር ገቡ። ጥቅምት ላይ ደግሞ የኦሮሚያው ፕሬዚዳንት አቶ ለማ መገርሳ ብዙ ሰው አስከትለው ባሕር ዳር መጡ። አቶ ገዱ ተቀበሏቸው። አቶ ለማ «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» ያሉትም በዚያ መድረክ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ከሲ.ኤም.ሲ. ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ረዳቱ ስልኩን ከፍቶ ንግግሩን ሲያሰማ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። ሒሳብ መቀበሉንም ረሳው። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉ አይቻለሁ። እኔስ? እኔም አጨበጨብኩ። ባሕር ዳር የወደቁት ዓመት ከጥቂት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ረሳኋቸው።

እዚህ ላይ ነው ስህተታችን። ሰውዬው መልካም ነገር ሲናገር ያለፈውን ማንም አልጠየቀውም። «እሰይ የእኛ ገዥ» አልን፣ አለቀ። ጠያቂ የሌለው ሹም ደግሞ አመስጋኝ ቢበዛለትም ከኋላው የሚቆም የለውም። ይህንንም ወዲያው አየነው።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። መጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የባሕር ዳሩና የአዳማው ጓደኝነት ፍሬ አፈራ ተባለ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. አቶ ገዱ ከርዕሰ መስተዳድርነት ተነሱ፤ ዶክተር አምባቸው መኮንን ተተኩ። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አቶ ገዱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ አቶ ለማ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው በአንድ ቀን ተሾሙ። ሁለቱም ከክልላቸው ሕዝብ ተነቅለው ማዕከል ላይ ተተከሉ። አቶ ለማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ለአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በመደመር ነገር አልስማማም አሉ፤ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከሚኒስትርነታቸው ወረዱ። አቶ ገዱ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ከውጭ ጉዳይ ተነስተው የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ተባሉ። የሰሜኑ ጦርነት በተነሳ በዚያው ሳምንት!

በዚህ መሐል ፓርቲው ብአዴን ነበር፣ አዴፓ ሆነ፣ በኋላም ብልፅግና ውስጥ ገባ። ካባው ሲቀያየር ሰውዬው ያው ነው።

የሚያቃጥል ወንበር

አቶ ገዱ የለቀቁት ወንበር ከእሳቸው በኋላ ምን ሆነ? ይህን ሳንቆጥር የአባባን ጥያቄ መመለስ አይቻልም።

ዶክተር አምባቸው አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር በገዛ ቢሯቸው ስብሰባ ላይ እያሉ ከአቶ እዘዝ ዋሴና ከአቶ ምግባሩ ከበደ ጋር ተገደሉ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግሥት ግድያውን ያቀነባበሩት የክልሉ ጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ናቸው አለ፤ እሳቸውም ሰኔ 17 ቀን ተገደሉ። ጄኔራሉ ከእስር ወጥተው በዚያ ቢሮ የተሾሙት በአቶ ገዱ ዘመን ነው። ማን መከረ? ማን ወሰነ? ምን ታስቦ? ይህም ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። መላሹ የሞተበትም፣ የተሰደደበትም፣ ዝም ያለበትም አገር ሆነን ቀረን።

ሐምሌ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. አቶ ተመስገን ጥሩነህ መጡ። ጥቅምት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት ሄዱና አቶ አገኘሁ ተሻገር ተተኩ። አቶ አገኘሁ ዓመት ሳይሞላቸው፣ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ዶክተር ይልቃል ከፋለ ወንበሩን ያዙ፤ አቶ አገኘሁ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ዶክተር ይልቃል ወርደው አቶ አረጋ ከበደ ተሾሙ። አቶ ተመስገንም ጥር 2016 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ።

ቁጠሩ እንግዲህ። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015፣ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ወንበሩ አምስት ጊዜ ሰው ቀያየረ። በነዚያው ዓመታት ክልሉ ጦርነት ገብቶበታል፣ ከተሞቹ ተዘርፈዋል፣ ሕዝቡ ተፈናቅሏል። ከተሻሩት መካከል በምክር ቤት ፊት ቆሞ «ይህን ሠራሁ፣ ይህን አጠፋሁ፣ የምለቀው በዚህ ምክንያት ነው» ያለ አንድ ሰው አስታውሱኝ። እኔ አላስታውስም። አንዱ «በራሱ ፈቃድ» ይለቃል፣ ሌላው «ለሌላ ሥራ ተፈለገ» ይባላል። ክልሉ እንደ መናኸሪያ ሆነ፤ ሹሙ ይወርዳል፣ ይሳፈራል፣ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን የሚሄድበት የለውም።

ጥር 2016

አሁን ወደ ነገሬ ማሠሪያ ደረስኩ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ በታወጀ ሰሞን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ ሳይቀሩ ታሰሩ። ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. አዋጁ ለአራት ወር ይራዘም ተብሎ ለምክር ቤቱ ቀረበ። በዚያ ሰሞን ነው የቀድሞው ርዕሰ መስተዳድር፣ የቀድሞው ሚኒስትር፣ በዚያን ጊዜ ተራ የምክር ቤት አባል የነበሩት አቶ ገዱ ከገዥው ፓርቲ ወንበር ተነስተው መራዘሙን የተቃወሙት። የክልሉ ችግር በጠመንጃ እንደማይፈታ፣ ፖለቲካዊ መፍትሔ እንደሚያሻው ተናገሩ። አዋጁ ግን በአብላጫ ድምፅ ተራዘመ።

ንግግራቸውን ሰው ሁሉ ተቀባበለው። ሰፈራችን ሳይቀር ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማ። «ወንድ!» ተባለ። እኔም ንግግሩን ወደድኩት፤ አልዋሽም። ፍርሃት በነገሠበት አዳራሽ ብቻውን ተነስቶ መናገር ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳላቸው ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህ ድምፅ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ የት ነበር? መስከረም 2009 ላይ የመጀመሪያው አዋጅ ሲታወጅ የት ነበር? ያኔ ሰውዬው ርዕሰ መስተዳድር ነበሩ፤ ፖሊስ ነበራቸው፣ ምክር ቤት ነበራቸው፣ ቴሌቪዥን ነበራቸው። ያኔ አንድ ቃል ሺህ ቃል ይመዝን ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነበራቸው አንድ ማይክሮፎንና ጥቂት ደቂቃ ነው። ሥልጣን ሲኖር ቃል ጠፋ፣ ቃል ሲመጣ ሥልጣን የለም። ሲሾም ያልተናገረ ሲሻር ይቆጨዋል ማለት ይኸው ነው።

«እንዴ! ያኔ ቢናገሩ ይታሰሩ ነበር» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እውነት የተናገረ ገዥ የሚታሰርበት፣ ዝም ያለ ደግሞ ሚኒስትርና አምባሳደር የሚሆንበት አሠራር እስካለ ድረስ፣ ወንበሩ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ብናስቀምጥ ዝም ይላል። በፓኪስታን የክፍለ ሀገር ገዥ በፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ ወንበሩም ላይ የሚቆየው ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀዱ ድረስ ነው። ሕገ መንግሥታቸው እንዲህ ብሎ በግልጽ ጽፎታል፤ የፑንጃብ ሰው ገዥው የማዕከል ሰው መሆኑን እያወቀ ያድራል፣ ለራሱ ደግሞ ምክር ቤቱ የሚመርጠው ዋና ሚኒስትር አለው። እኛ ዘንድ ግን ወረቀቱ «የሕዝብ» ይላል፣ እጁ የማዕከል ነው። መታለል ከመገዛት ይብሳል።

የአባባ መልስ

ይህን ሁሉ ጽፌ ሳበቃ ጋዜጣው እስኪወጣ አላስቻለኝም፤ ረቂቁን ይዤ አባባ ዘንድ ሄድኩ። አነበብኩላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙ።

«እኔ በ60 ዓመተ ምሕረት ጎረምሳ ነበርኩ» አሉ። «ጃንሆይ የእርሻ ገቢ ግብር አመጡ። ጎጃም አልገብርም አለ። ሞጣም ቢቸናም ተነሳ። አውሮፕላን መጣብን፣ ቦምብ ጣለብን። የጎጃም ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ነበሩ። በኋላ ጃንሆይ አዩና ደጃዝማቹን አንስተው ወደ ካፋ ሰደዷቸው። ውዝፉንም ማሩልን። እኛ ድል አደረግን ብለን ጨፈርን።»

«ታዲያ ድል አልነበረም አባባ?»

«አይ ልጄ! ቦምቡን ማን አዘዘ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደጃዝማቹም አልተጠየቁ። የካፋ ሰው ምን በደለና ነው እኛ አንፈልግም ያልነው የሚላክበት? ገዥ ተቀየረ እንጂ አገዛዝ አልተቀየረም።» ቡናቸውን ጨለጡ። «ያንተም ወረቀት ይህንኑ ነው የሚለው። ጥሩ ነበር ወይ ብዬ መጠየቄ ስህተት ነው። ለማን ነበር መልስ የሚሰጠው ብዬ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።»

አንባብያን፣ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ! ሽማግሌው በአንድ ሲኒ ቡና ጨረሱት። የሐምሳ ምናምን ዓመት ርቀት ያለው ታሪክ ነው፤ ንጉሡ ሄደዋል፣ ደርግ ሄዷል፣ ኢሕአዴግ በስሙ ሄዷል፤ ሹሙን ከአንዱ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግን አልሄደም።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሰማይ ይውረድ አይደለም። አንደኛ፣ የክልል ርዕሰ መስተዳድር ከወንበሩ ሲነሳ የሚነሳበትን ምክንያት ራሱ በክልሉ ምክር ቤት ፊት፣ ሕዝብ እየሰማ ይናገር። «ለሌላ ሥራ ተፈለገ» የሚባል ምክንያት አይደለም። ሁለተኛ፣ በክልሉ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ጥይት ሰው ከገደለ፣ ገዥው በሳምንት ውስጥ ማን እንዳዘዘ በቃሉ ያስረዳ፤ ካላወቀም አላውቅም ብሎ ይልቀቅ። ሦስተኛ፣ ይህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛና የምክር ቤት አባል አይታሰር። እነዚህ ሦስቱ በሕገ መንግሥቱ መንፈስ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ አዲስ ነገር አልጨመርኩም።

ለእኛ ለአጨብጫቢዎቹም አንድ ምክር አለኝ። ሹም ደስ የሚል ነገር ሲናገር ጭብጨባውን ትንሽ እናቆየው። በፊት «ያለፈው እንዴት ነበር?» እንበል። በታክሲ ውስጥ ያጨበጨብኩትን ጭብጨባ መልሼ መውሰድ አልችልም። የሚቀጥለውን ግን ሳልጠይቅ አልሰጥም።

አቶ ገዱም ይህቺ ጽሑፍ ከደረሰቻቸው፣ ለክፋት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. አዳራሹ ውስጥ የተናገሩትን ያህል ስለ 2008ቱ ክረምት ቢናገሩ፣ ቢጽፉ፣ ለታሪክ ቢያስቀምጡ የሞቱት ልጆች እናቶች ይሰማሉ። ሥልጣን ቢሄድም ቃል አለ። በወንበሩ ላይ ላሉትና ነገ ለሚቀመጡት ደግሞ አንድ ቃል ብቻ፦ ሳትሻሩ ተናገሩ።

ቸር ወሬ ያሰማን።

ከሳሊተ ምሕረት